እምቢታ ፍለጋ

ከደመወዝ ከፋዩ በቀር ግቢው ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚጠራ ሰው አልነበረም። ለሁሉም «እትዬ እሺ» ናት። የዩኒቨርሲቲው ሴቶች ማደሪያ ፕሮክተር ነች፤ አልጋ ትመድባለች፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ታስረክባለች፣ ቁልፍ የጠፋባትን ተማሪ ታስገባለች፣ ሆድ የባሳትን ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። ስሙን ያወጣላት የዋናው በር ዘበኛ ነው። አንድ ቀን «እትዬ፣ ምሳ ቀምሼ እስክመለስ በሩን ያዢልኝ» አላት። እሺ አለች። ሰውየው የተመለሰው በማግስቱ ጠዋት ነው። እሷን የሱን ኮፍያ ደፍታ፣ የሱን ካፖርት ደርባ በሩ ላይ እንደቆመች አገኛት። ዘበኛው ይህን ሲያወራ እስከ ዛሬ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች።

ነገሩ ግን ከዘበኛው በፊት የጀመረ ነው። አስረኛ ክፍል ሳለች አክስቷ ታማ ተኛች፤ «እስክሽር ድረስ አብረሽኝ ብትሆኚ ምን አለበት?» አለቻት። እሺ አለች። አክስቷ ስትሽር የክፍል ጓደኞቿ ትምህርታቸውን ጨርሰው ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ለጋብቻ የጠየቃት ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት ነው፤ ሰው ፊት ይዋረዳል ብላ እሺ አለችው። ክፉ ሰው ሆኖ አልተገኘም። በድንገት ሲሞትባት እናቱ ሻንጣቸውን ይዘው መጡ። አሁን አማቷ መኝታ ቤቱን ይዘዋል፤ እሷ ሳሎን ሶፋ ላይ ትተኛለች። አማቷ ለጎረቤት «ምራቴስ ወርቅ ናት፤ አንድ ቀን እንኳ ተቆጥታኝ አታውቅም» ይላሉ።

እምቢ የሚለውን ቃል አጥታው አይደለም። ጉሮሮዋ ድረስ ይመጣል። ግን የጠያቂው ፊት ሲጨልም አስቀድሞ ይታያትና መልሳ ትውጠዋለች።

ክረምት ሲገባ መደበኛ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ ማደሪያው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይለቀቃል። ከየከተማው ለሥራ ፈጠራ ሥልጠና የሚመጡ ልጆች ናቸው። በዩኒቨርሲቲው አልጋ ይተኛሉ፣ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ይማራሉ፣ ሥልጠናው ሲያልቅ የፈጠሩትን ሥራ ለተጋበዙ ሰዎች ያሳያሉ። የዚያን ዓመት አሰልጣኝ አዲስ ነበር፤ ነጭ ሸራ ጫማ የሚያደርግ፣ የማንንም ስም አንዴ ሰምቶ የማይረሳ፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ጎልማሳ። ልጆቹ ወደዱት። እሷም ወደደችው፤ ባገኛት ቁጥር አማቷ እንዴት እንዳደሩ ይጠይቃታል።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ እምቢታ ነበር። «ወደ ከተማ ውጡና የማይሰጥ ነገር ጠይቁ» አላቸው። «ሰው እምቢ እስኪላችሁ ድረስ ጠይቁ። ነጋዴን የሚገድለው ኪሳራ አይደለም፤ እምቢታን መፍራት ነው። እምቢ ስትባሉ ደግሞ እንዳትሸሹ። ፈገግ በሉና ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ድርድሩ የሚጀመረው እዚያ ጋ ነው።»

ልጆቹ ወጡ፤ ባዶ እጃቸውንም ተመለሱ። አሰልጣኙ ትምህርቱን የቀዳው ሰው ፊት ለፊት ከሚከለከልበት አገር ነበር። እዚህ ልጅ ዓይኑን እያንከራተተ ሲለምን እምቢ የሚል አልተገኘም። አንዱ ዳቦ ቤት ገብቶ ሱቁን ለሳምንት እንዲለቁለት ቢጠይቅ፣ ባለቤቱ «እሺ የኔ ልጅ፣ ሰኞ ብቅ በል» ብለው ትኩስ ዳቦ አስይዘው ሸኙት። ሌላዋ አውቶቡስ ልንዳ ብትል ሾፌሩ «ግድ የለም፣ እናያለን» አላት። ምሳ ላይ ካፍቴሪያው ውስጥ ያልተሳቀበት አልነበረም።

ከልጆቹ ሁሉ በዚህ የተናደደችው ጓደኞቿ ጥይቷ የሚሏት ልጅ ነበረች። የመካኒክ ልጅ ናት፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ቀጭን፣ ስታወራ አየር የማትስብ። የተሰጣትን የቤት ሥራ ሳትሠራ አድራ አታውቅም። ከምሳ በኋላ የፕሮክተሯን ቢሮ በር አንኳኳች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ግን እንዳይቆጡኝ።»

«ምን ጎደለሽ?»

«የጣሪያውን ቁልፍ ይስጡኝ።»

ፕሮክተሯ የቁልፍ ዘለላውን ይዛ ነበር። «ጣሪያው ላይ ምን አለሽ?»

ልጅቱ ለአፍታ አሰበች። «ልብስ ላሰጣ። አዎ፣ የልብስ አጠባ ሥራ ልንጀምር ነው። በዚህ ዝናብ ሁሉም በእርጥብ ካልሲ ነው የሚሄደው። ላይ ግን ንፋስ አለ።»

የጣሪያው በር ከታሸገ ዓመታት አልፈዋል። ያሸጉት የጥገና ኃላፊው ናቸው። ምክንያቱ ከታች ቀና ብሎ ላስተዋለ ግልጽ ነው፤ ጣሪያው ላይ ለወጣ ሰው ግን አይታይም። የማደሪያው ደረጃ መሃል ለመሃል ከላይ እስከ ምድር ቤት ክፍት ነው። ብርሃን እንዲገባ ተብሎ ከአናቱ ላይ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ተነጥፎበታል። ከታች ሲያዩት ብዥ ያለ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል። ከላይ ግን አቧራና የበሰበሰ ቅጠል ለብሶ ከሲሚንቶው ጋር አንድ ሆኗል፤ የቱ ወለል፣ የቱ ፕላስቲክ እንደሆነ አይለይም። ፀሐይ እያደረቀችው ርግብ ስታርፍበት እንኳ ይንቋቋል። የጥገና ኃላፊው በሩን ሲቆልፉ «ከእንግዲህ ይሄን በር የሚከፍት ሰው ቃሬዛ ይዞ ይምጣ» ብለው ቁልፉን ለእሷ አስረክበዋታል።

ይህን ሁሉ ታውቃለች። ልጅቱ ፊቷ ቆማ ትጠብቃለች።

«እሺ» አለች።

ጥይቷ ቁልፉን ብትቀበልም አልተደሰተችም። «እሺ?»

«እሺ።»

«እንዲሁ? በቃ?»

ከበሩ ኋላ የታፈነ ሳቅ ፈነዳ። ሁለት ጓደኞቿ ተደብቀው ይሰሙ ነበር። «ከሸፈብሽ!» አለች አንደኛዋ ሆዷን ይዛ። «እትዬ እሺን እምቢ አሰኛለሁ ብለሽ ነው? ወይ አንቺ!»

«እትዬ ደግሞ!» አለች ጥይቷ። «ይከለክሉኛል ብዬ እኮ ነው የመጣሁት። ከጠዋት ጀምሮ አንድ እምቢ አጥቻለሁ። የልብሱን ነገር አሁን እዚሁ ነው የፈጠርኩት።»

እዚህ ላይ «እንግዲያው ቁልፉን መልሺ» ብትል ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር። አፏን ከፈተች። ልጆቹ እየሳቁ ነበር፤ እሷም ሳቀች። ጥይቷ ቁልፉን መዳፏ ላይ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና ሳቋን አቆመች።

«ቆይ» አለች ለጓደኞቿ። «ቁልፉ ካለ ሥራውስ ለምን አይኖርም?»

«ከበሩ በስተግራ ብቻ» አለች ፕሮክተሯ። «ወደ መሃል እንዳትሄዱ።»

«እሺ እትዬ» አለች ልጅቱ።

ሥራው ያዘ። መጀመሪያ የሴቶቹን ካልሲና ሸሚዝ አጠቡ፤ ቀጥሎ ወንዶቹ አንሶላቸውን ጭምር በፌስታል እያንጠለጠሉ መጡ። ጥይቷና ሁለቱ ጓደኞቿ ከክፍል ሲወጡ ወደ መታጠቢያ ቤት፣ ከመታጠቢያ ቤት ወደ ጣሪያ ይሮጣሉ። ፕሮክተሯ ደረጃውን ስትወለውል ቀና ትላለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አረንጓዴው ብርሃን ንጹሕ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ጠርዙ ላይ የሚወዛወዝ ጥላ አየች፤ የሸሚዝ እጅጌ ነበር። በማግስቱ ሁለት እጅጌ ሆነ። ደንበኛ ሲበዛ ገመድ ይጨመራል፤ በስተግራ ያለው ቦታ በልብስ ሞልቷል፤ አዲሱ ገመድ የሚዘረጋው ወደ መሃል ነው። ጥላዎቹ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጠጋሉ። አንድ ከሰዓት ከጥላዎቹ መሃል የሰው እግር ጥላ አየች፤ ጠርዙ ድረስ መጥቶ ቆመ፣ ጣቶቹ ላይ ተንጠራራ፣ ተመለሰ። መወልወያውን ይዛ እዚያው ደርቃ ቀረች።

ያን ዕለት ልጆቹ ክፍል ሲገቡ ወደ ጣሪያው ወጣች። ድንበሩን ልታሳያቸው ብላ ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው የናይለን ገመድ ወጠረች፤ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው፤ ከዚህ ማለፍ ክልክል እንደሆነ ገመዱ ይናገርልኝ ብላ ወረደች። ማታ ጥይቷ ቢሮዋ ድረስ መጥታ ሳመቻት።

«እግዜር ይስጥልን እትዬ። ገመድ አጥሮን ነበር እኮ።»

በነጋታው ገመዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ካልሲ ተሰጥቶ ነበር።

ለጥገና ኃላፊው መንገር ነበረባት። ግን መጀመሪያ የሚጠይቋት ማን ከፈተው ብለው ነው፤ ቀጥለው በሩን ያሽጋሉ፤ የልጆቹ ሥራ በልጆቹ ፊት ይፈርሳል። ለአሰልጣኙ ብነግረው ይሻላል ብላ ቆረጠች። ዘበኛው ወደ አዳራሹ ስትሄድ አያት።

«እትዬ እሺ፣ ፊትሽ ምን ሆኗል? የተጣላሽው ሰው አለ እንዴ?»

«ልጣላ እየሄድኩ ነው።»

«በይ እንግዲህ ስታሸንፊ ጥሪኝ» አላት። ሳቁ እስከ አዳራሹ ተከተላት።

አሰልጣኙ እያስተማረ ነበር። በሩ ላይ ሲያያት እጁን ዘረጋ። «እትዬ! ኑ፣ ይግቡ እንጂ! ልጆች፣ ስለሳቸው ነው ያወራሁት።» እጇን ይዞ ወደ መድረኩ አወጣት። «ሁላችንም እምቢታ ስንፈልግ እኚህ እናት እሺ አሉ። አንድ እሺ ምን እንደሚፈጥር አያችሁ? አጨብጭቡላቸው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጥይቷ ከፊት ወንበር ተነስታ ነበር የምታጨበጭበው። ፕሮክተሯ መሐረቧን እጇ ላይ ጠመጠመች። ለእሷ ሰው አጨብጭቦላት አያውቅም። ጭብጨባው ጋብ ሲል ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ «ጣሪያው መሃሉ ደህና አይደለም» አለችው።

«አይዞዎት፣ እነግራቸዋለሁ» አላት፤ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዲያውም በመዝጊያው ዕለት እንግዶቹ ጣሪያ ላይ ወጥተው ሥራውን በዓይናቸው ቢያዩ ምን ይመስልዎታል?» አለ።

አርባ ልጅ እያያት ነበር።

«እሺ» አለች።

አሰልጣኙ ነገርኳቸው ይላል፤ ምናልባትም ነግሯቸዋል። ጥንቃቄ አድርጉ ማለትና ከሥሩ ባዶ ነው ማለት ግን አንድ አይደለም፤ ይህንን ከእሷና ከጥገና ኃላፊው በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷም ለእሱ እንኳ በቅጡ አልነገረችውም።

የመዝጊያው ዋዜማ ከሰዓት ነው። ሰማዩ ቢጫ ሆኖ ዋለ። ንፋስ ተነሳ፤ መስኮቶች መንቋቋት ጀመሩ። ፕሮክተሯ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደረጃ ትወለውላለች። ላይ ልጆቹ ዝናቡ ሳይጥል ልብስ ለመሰብሰብ ሲሯሯጡ ይሰማታል። በድንገት ደረጃው ጨለመ።

ቀና አለች። አረንጓዴው ብርሃን የለም። አንሶላ ነው፤ ንፋሱ ከገመዱ ነቅሎ ፕላስቲኩ ላይ አልብሶታል። አንሶላ ሲወድቅ የሚያነሳው ሰው አለ።

መወልወያውን ጥላ ሮጠች። ጉልበቷ የሚያማት ሴት ናት፤ እንዴት እንደወጣች አታስታውስም። የጣሪያው በር ክፍት ነበር። ሁለቱ ልጆች ልብስ ታቅፈው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ጥይቷ የካልሲውን ገመድ በእጇ ከፍ አድርጋ ከሥሩ አልፋለች።

«ቁሚ!»

«አንሶላው ነው እትዬ፣ መጣሁ!»

«እምቢ! አትሂጂ!»

ልጅቱ ዞረች። ፊቷ በአንዴ በራ። «ሰማችሁ?» አለች። «ኧረ እትዬ እሺ እምቢ አለች!»

ሁለቱ ልጆች ያቀፉትን ልብስ መሬት ላይ ጥለው አጨበጨቡ። አንደኛዋ «እልል!» አለች። የመጀመሪያዎቹ ትላልቅ የዝናብ ጠብታዎች ሲሚንቶው ላይ መንጠባጠብ ጀመሩ።

«ተይ ብዬሻለሁ፣ ነይ ወደዚህ!»

ጥይቷ ፈገግ አለች፤ እንደተማረችው። ፊቷን ወደ ፕሮክተሯ እንዳደረገች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተራመደች። «ለምን?» አለች። «ምክንያት ይስጡኝና እመለሳለሁ።»

እምቢ ብሎ ለኖረ ሰው ምክንያት ምላሱ ላይ ነው። እሷ ሰውን ከልክላ ምክንያት ሰጥታ አታውቅም። አፏ ተከፈተ። የፕላስቲኩ ነገር፣ የደረጃው ነገር፣ የጥገና ኃላፊው ነገር ሁሉም በአንዴ መጣና አንዱ አንዱን አላሳልፍ አለ። ልጅቱ አሁንም እየሳቀች፣ አሁንም ወደ ኋላ፣ እጇን አንሶላውን ለማንሳት ወደ ኋላዋ እየዘረጋች።

«ከሥርሽ» አለች ፕሮክተሯ፤ «ከሥርሽ ባዶ...»

ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ደረቅ ቅርንጫፍ እንደሚሰበር ያለ ነው። ልጅቱ አልጮኸችም። ቆማ ነበር፤ ከዚያ አልነበረችም። አንሶላው ተከትሏት ገባ።

የወደቀችው ደረጃው ክፍት በሆነበት በኩል ቢሆን ምድር ቤት ነበር የምትገኘው። እሷ ግን ከዳር በኩል ወድቃ የመጨረሻው ፎቅ መወጣጫ ላይ፣ የብረት መደገፊያውን መትታ አረፈች። ሲያነሷት ዓይኗ ክፍት ነበር፤ «እግሬ የታለ?» እያለች ትጠይቃለች። እግሯ ቦታው ላይ ነበር።

መዝጊያው በአንድ ቀን ተራዘመ፤ ከዚያ በአዳራሹ ውስጥ ተካሄደ። የማደሪያው ደረጃ በዝናብ ራሰ።

በወደቀችበት ዕለት ማታ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የልጅቱ አባት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከጋራዥ በቀጥታ ነው የመጡት፤ ቱታቸው ላይ ያለው ግራሶ ገና አልደረቀም። ሐኪሙ ስለ ክንዷ ነግሯቸዋል፣ ስለ ዳሌዋ ነግሯቸዋል፤ ስለ እግሯ ግን ጠዋት እናያለን ብሎ አልፏቸዋል። ፕሮክተሯን ሲያዩ ተነሱ፤ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እርስዎ ነዎት አይደል? ልጄ ነግራኛለች። እትዬ ከልክላኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት ትላለች።»

በነጻው እጇ መሐረቧን ወደ ፊት ሳበች።

«ቅድም ከግቢው ሰዎች መጥተው ነበር። በሩን ልጆቹ ሰብረው ነው የገቡት፣ ጥፋቱ የራሳቸው ነው ይላሉ። ልጄን አውቃታለሁ፤ ትቸኩላለች፣ ትከራከራለች። ግን አንድ ሰው እንኳ ተይ ብሏት ነበር ብዬ ካሰብኩ ትንሽ ቀለል ይለኛል።» እጇን ጠበቅ አደረጉት። «ከልክለዋት ነበር አይደል? እንዲያው አዎ ይበሉኝ።»

ሰውየው ዓይናቸው ቀልቷል። መልሱን ፊታቸው ላይ አስቀድመው አዘጋጅተውታል፤ እሷ ማንሳት ብቻ ነበረባት። ከክፍሉ ውስጥ የልጅቱ ድምፅ ይሰማል፤ ነርሷን አንድ ነገር እየጠየቀች ነው፣ ነርሷም «እሺ፣ እሺ የኔ ቆንጆ» ትላታለች።

«አይ» አለች ፕሮክተሯ። «አልሰበሩም። ቁልፉን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ከሥሩ ምን እንዳለም አውቅ ነበር። የጮህኩት ከረፈደ በኋላ ነው።»

አባትየው እጇን አልለቀቁም። መያዛቸውን ብቻ ተዉ፤ እጇ መዳፋቸው ላይ ቀረ። ቆይተው ወደ ክፍሉ በር ተመለከቱ፣ ከዚያ ወደ እሷ።

«እዚሁ ይቀመጡ» አሉ። «የግቢውን ሰዎች ልጠራቸው ነው። ይህንኑ ይደግሙላቸዋል።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እሳቸው ስልካቸውን አወጡ፤ ግራሶ የነካው ጣታቸው መስታወቱ ላይ እየተንሸራተተ ቁጥሩን ደጋግመው ሳቱት።